በታሰረ ገለባ ቤት ስለመሥራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ የስንዴ ወይም የገብስ ገለባን በማሽን ጠቅጥቆ ማሰር፣ እስሮቹን እንደ ጡብ ደርድሮ ግድግዳ ማድረግ፣ ከዚያም ከውስጥና ከውጭ በጭቃ ወይም በኖራ መምረግ። ደብዳቤዎቹን ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው በባሌ ሮቤ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለኝ ቦታ ላይ ለእኔና ለባለቤቴ መኖሪያ የሚሆን፣ 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ቤት ለመሥራት አስቤአለሁ። በአካባቢያችን ስንዴው በኮምባይነር ከታጨደ በኋላ ገለባው ከፊሉ ለከብት ይሰበሰባል፣ ከፊሉ ግን ማሳው ላይ ቀርቶ ይቃጠላል። የብሎኬትና የሲሚንቶ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሲሆንብኝ ልጄ በታሰረ ገለባ ቤት እንደሚሠራ ነገረኝ። እውነት ነውን? ዝናብ አያበሰብሰውም? እሳትስ አይበላውም? ጎረቤቶቼ «ከብት የሚበላው ቤት ልትሠራ ነው» እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ልጅዎ የነገረዎት እውነት ነው። የአሠራሩ መነሻ በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት የሚገኘው «ሳንድ ሂልስ» የተባለ አሸዋማ ምድር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ለቤት መሥሪያ የሚሆን ዛፍ በአቅራቢያቸው አልነበራቸውም፤ ሣርና ገለባ የሚያስር ማሽን ግን ነበራቸው። እስሮቹን ደርድረው መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። አርተር በምትባል ትንሽ ከተማ በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል። በፈረንሳይ አገር በሞንታርዢ ከተማ ኤሚል ፌዬት የተባለ መሐንዲስ በ1920 እ.ኤ.አ. ያሠራው ቤትም መቶ ዓመት አልፎታል። ጎረቤቶችዎ ስለ ከብት ያሉትም መሠረት የሌለው ነገር አይደለም፤ ከነብራስካ የመጀመሪያ ሕንፃዎች አንዱ የነበረውን ትምህርት ቤት፣ ግድግዳው ሳይመረግ በመቅረቱ፣ ከብት እንደበላው ይነገራል። በሁለቱም ወገን በደንብ የተመረገ ግድግዳን ግን ከብት አይደርስበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ገለባው ከከብት አፍ የማይነጠቅ መሆኑን ያረጋግጡ። የጤፍ ጭድ ለከብት ተመራጭ ከመሆኑም በላይ ለምርጊት ጭቃ ማቡኪያ የሚፈለግ ስለሆነ፣ እሱን አስሮ ግድግዳ ማድረግ እኔ የማልደግፈው ብክነት ነው። የስንዴ ገለባ አገዳው ክፍትና ጠንካራ፣ ምግብነቱም አነስተኛ በመሆኑ ለግድግዳ ይሻላል፤ ማሳ ላይ የሚቃጠለውን ገዝተው ካሳሰሩ ማንንም አይጎዱም። ድርቆሽ ቢቀርብልዎ ግን በርካሽም ቢሆን አይቀበሉ፤ ቅጠልና ዘር ያለበት ሣር ቶሎ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል።

እስሮቹን ሲረከቡ አንድ በአንድ ይፈትሿቸው። በገመዱ ይዘው ሲያነሡት የሚጎብጥ ወይም ገመዱ የሚላላ እስር በደንብ አልተጠቀጠቀም። ከመካከሉ እጅዎን አስገብተው ገለጥ ያድርጉና ያሽትቱት፤ የደረቀ አውድማ ሽታ ካለው መልካም ነው፣ የሻጋታ ሽታ ካለው ወይም ከውስጥ ጠቆር ካለ ግን ይመልሱት። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደንብ የገለባው እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የደረቅ ክብደቱም በአንድ ሜትር ኩብ ከ104 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ያዛል። ርዝመቱ 90፣ ስፋቱ 45፣ ከፍታው 35 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የተለመደ እስር ይህ ወደ 15 ኪሎ ግራም ይመጣል። ከዚህ እጅግ የከበደ እስር ውኃ የጠጣ ሊሆን ስለሚችል ክብደቱ ብቻ አያስደስትዎ፤ የእርጥበት መለኪያ ያለው የእህል ነጋዴ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ካገኙ፣ መሣሪያው ለገለባ ተብሎ የተሠራ ባይሆንም እንኳ፣ እስሮቹን እርስ በርሳቸው ለማወዳደር ይረዳዎታል።

ለእርስዎ ቤት የሚያስፈልገውን ብዛት እንዲህ ማስላት ይቻላል። ግድግዳው ከመካከል እስከ መካከል ሲለካ ዙሪያው 26 ሜትር ነው። ስምንት ረድፍ ሲደረደር ቁመቱ 2.80 ሜትር ይሆናል፤ ለበርና ለመስኮት 12 ካሬ ሜትር ቢቀነስ 61 ካሬ ሜትር ያህል ይቀራል፣ ይህም 193 እስር ገደማ ይፈልጋል። ለሚቆረጠውና ለሚጣለው ጨምረው 215 ያህል ያዘጋጁ፤ ጠቅላላ ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ይበልጣል። የግድግዳው ውፍረት ከነምርጊቱ 50 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ ከውጭ 8 በ6 የሆነው ቤት ከውስጥ 7 በ5፣ ማለትም 35 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በብሎኬት ቢሠራ ኖሮ 41 ካሬ ሜትር ያህል ያገኙበት ነበር። እርስዎ ሰፊ ቦታ ስላለዎት ይህ አያሳስብዎትም፤ በአዲስ አበባ በጠባብ ቦታ ላይ ለሚገነባ ሰው ግን ይህን አሠራር አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውኃ እንምጣ። ገለባ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ አይበሰብስም። እርጥበቱ ከ25 በመቶ በላይ ሆኖ ለሳምንታት ከቆየ ግን ፈንገሱ ከውስጥ መብላት ይጀምራል፤ ከውጭ ምርጊቱ ደኅና መስሎ ስለሚታይ ባለቤቱ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ስለ ግድግዳው ከማሰብዎ በፊት ጣሪያውንና መሠረቱን ጨርሰው ይንደፉ። የነብራስካ ሰዎች ጣሪያውን በቀጥታ በእስሮቹ ላይ ያሳርፉ ነበር። ይህ እንጨት ይቆጥባል፤ ሆኖም ግድግዳው እስኪያልቅ ድረስ ጣሪያ ስለማይኖር አንድ ያልታሰበ ዝናብ የተደከመበትን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። እርስዎ የባሕር ዛፍ ቋሚዎችና አግዳሚዎችን አቁመው፣ ቆርቆሮውን መትተው፣ አሸንዳውን ሰቅለው ከጨረሱ በኋላ እስሩን ከጣሪያው ሥር ቢደረድሩ ይሻላል። ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ሲጠይቁም የጣሪያውን ሸክም የሚችለው እንጨቱ እንጂ ገለባው አለመሆኑ በንድፉ ላይ በግልጽ ይታይ፤ መሐንዲሱ ይህን ሲያይ በእጁ ያለ ስሌት ስለሚሆንለት ጥያቄው ይቀልለታል።

ሮቤ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ያላት መሆኑ ሥራውን ያጣድፈዋል። የመኸሩ ስንዴ ታጭዶ ገለባው የሚታሰረው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን፣ ዝናቡ ደግሞ በመጋቢት ይመለሳል። በመሆኑም መሠረቱ፣ ተራዳውና ጣሪያው ከአጨዳው በፊት ተጠናቀው፣ የታሰረው ገለባ ከማሳ በቀጥታ ወደ ጣሪያው ሥር ቢገባ፣ ጥርና የካቲት ለድርደራና ለመጀመሪያው ምርጊት ይበቃሉ። ገለባውን ከአንድ ዓመት በፊት ገዝቶ በሸራ ሸፍኖ ማቆየትን አልመክርም፤ ሸራው ራሱ ከሥሩ የሚነሣውን ላብ ይዞ ያሻግተዋል።

መሠረቱ ከድንጋይ ይሁንና የመጀመሪያው እስር ከውጭው መሬት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የእናንተን አገር ዝናብ ለሚያውቅ ሰው 40 ሳንቲ ሜትር አይበዛም። ከቆርቆሮ የሚወርድ ጠብታ መሬት መትቶ ጭቃውን ወደ ግድግዳ የሚረጨው በዚህ ከፍታ ውስጥ ነው። በድንጋዩ ላይ እርጥበት የሚከለክል ፕላስቲክ ያንጥፉ፤ በእሱም ላይ በግድግዳው ሁለት ጠርዝ ትይዩ ሆነው የሚሄዱ ሁለት ሞራሌዎች አስቀምጠው መካከላቸውን በጠጠር ይሙሉት። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ባልዲ ውኃ ቢደፋ ውኃው በጠጠሩ በኩል ያልፋል እንጂ ገለባውን አያገኘውም። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ስለሆነ የመሠረቱን ጥልቀት በአካባቢው ልምድ ያለው ግንበኛ ይወስንልዎ፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ይሠራ፤ ዝናብ ከነፋስ ጋር በሚመጣበት ወገን ደግሞ በረንዳ ያድርጉ።

ብዙ የገለባ ግድግዳዎች የሚጎዱት በጣሪያ ሳይሆን በመስኮት ሥር ነው። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ያዘመመ፣ ከምርጊቱም ወጣ ብሎ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ የሚያንጠባጥብ መሆን አለበት፤ ከደፉ ሥርም በእስሩ ላይ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይደረግ። የውኃ ቧንቧ በገለባ ግድግዳ ውስጥ ፈጽሞ አይለፍ። ወጥ ቤቱና መታጠቢያው በድንጋይ ወይም በብሎኬት በተሠራ የውስጥ ግድግዳ ላይ ቢያርፉ ቧንቧ ቢያፈስም ጉዳቱ እዚያው ይቀራል።

እሳትን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። የተጠቀጠቀና የተመረገ ገለባ ውስጥ እሳት የሚቀጣጠልበት በቂ አየር የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገ መደበኛ ሙከራ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ለ1 ሰዓት፣ በሲሚንቶና ኖራ የተመረገው ደግሞ ለ2 ሰዓት እሳትን የመቋቋም ደረጃ አግኝተዋል። አደጋው ያለው በግንባታው ወቅት ነው፤ እስር ሲቆረጥ መሬት ላይ የሚረግፈው ልቅ ገለባ በአንድ የሲጋራ ቁራጭ ይያያዛል። በየማታው ይጠረግ፣ የብየዳ ሥራ ካለም ገለባው ከመምጣቱ በፊት ይጠናቀቅ፣ አጠገቡም በርሜል ሙሉ ውኃ አይጥፋ።

በመጨረሻም ስለ ብርዱ። የገለባው ግድግዳ ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅም ከተለመደው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ነገር ግን ከላይ ራቁት ቆርቆሮ ካለ ሌሊቱን ሙቀቱ በጣሪያ ስለሚወጣ ልፋትዎ ከንቱ ይሆናል። ኮርኒስ ያስመቱና ከበላዩ በቀጭን ጭቃ የተነከረና የደረቀ ገለባ ያልብሱት፤ ልቅ ደረቅ ገለባ ግን እዚያ አይቀመጥ። መኝታ ቤቱን በምሥራቅ በኩል ቢያደርጉት የጠዋቷ ፀሐይ ታሞቀዋለች።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምኖር ግንበኛ ነኝ። አንድ ደንበኛዬ በታሰረ ገለባ ቤት እንድሠራለት ጠይቆኝ ተስማምተናል። እኔ ግድግዳውን የሽቦ መረብ አልብሼ በሲሚንቶ ልስን ብሸፍነው ውኃ አያስገባም ብዬ አምናለሁ፤ ደንበኛዬ ያነበበው ግን ሲሚንቶ እንደማይፈቀድ ነው። ጭቃ በክረምት ታጥቦ አያልቅም? ሙያዬንስ ዝቅ አያደርገውም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የሙያ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልዎ። ሲሚንቶ ልስን ውኃ አያስገባም የሚባለው ካልተሰነጠቀ ነው። ገለባ ግን ከሥሩ እንደ ብሎኬት ጠጣር ስላልሆነ ልስኑ ውሎ አድሮ ፀጉር በሚያክል ስንጥቅ ይሞላል። በስንጥቁ የገባው ውኃ በጀርባው ወዳለው ገለባ ያልፋል፤ ሲሚንቶው ደግሞ እንፋሎት በበቂ ስለማያስወጣ እርጥበቱ እዚያው ይታሰራል። በሰው ትንፋሽና በምግብ ማብሰያ እንፋሎት ከቤት ውስጥ የሚመጣውም እርጥበት ወደ ብርዱ ወገን ሲጓዝ ከሲሚንቶው ጀርባ ይጠራቀማል። ጭቃና ኖራ ግን እርጥበቱን ከገለባው ስበው ወደ አየር ይመልሱታል። በሲሚንቶ ተለስነው ደረቅ በሆነ አገር ለብዙ ዘመን የቆዩ ቤቶች መኖራቸው አይካድም፤ ክረምቱ በሚበረታበት በደብረ ብርሃን ግን ይህን አደጋ መጋበዝ አያስፈልግም።

የምመክርዎ ከውስጥ በሦስት እጅ ጭቃ፣ ከውጭ ደግሞ በሁለት እጅ ጭቃና በኖራ መጨረሻ እንዲመርጉት ነው። ለመጀመሪያው እጅ ሸክላነት ያለው አፈር ይነፋና በውኃ ይቅጠን፤ በመዳፍ እየተገፋ በአገዳዎቹ መካከል ጥቂት ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ድረስ ይታሽ። በመጥረቢያ ወይም በመጋዝ የግድግዳውን ፀጉር አስቀድመው ይከርክሙት፤ የተንጨበረረ ገለባ ላይ የተመረገ ጭቃ ተንጠልጥሎ ይቀራልና። ሁለተኛው እጅ አካሉ ነው። አፈርና አሸዋ ተመጥኖ፣ በርከት ያለ የጤፍ ጭድ ተጨምሮበት፣ በእግር ተረግጦ፣ በየቀኑ ውኃ እየተጨመረበት እስኪቦካ ይቆይ። እናቶቻችን የሚያውቁት ሽታ ሲመጣና ጭቃው በእጅ ሲጨበጥ ሳይበጣጠስ ሲለጠጥ ደርሷል ማለት ነው። የመጠኑን ነገር አፈሩ ስለሚወስነው ግማሽ ካሬ ሜትር በሚያህል ቦታ ላይ የተለያየ መጠን ሞክረው፣ ደርቆ ያልተሰነጠቀውን፣ በጣት ሲፋቅም የማይረግፈውን ይምረጡ። ደንበኛዎ ለዚህ ሙከራ አልከፍልም ካለ ሥራውን ባይጀምሩ ይሻላል።

ኖራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደንብ የበረደና የቆየ የኖራ ሊጥ ተጠቅመው በቀጭን በቀጭኑ ይምረጉት፤ ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ እንዳያገኘው በጆንያ ጋርደው ለተከታታይ ቀናት ውኃ ይርጩበት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ በመሆኑ በችኮላ የደረቀ ኖራ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሠራተኞችዎ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ኖራ ዓይን ያጠፋል። ሙያዬ ዝቅ ይላል ወይ ላሉት፣ የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው፤ ኖራን በሚገባ የሚያበርድና የሚመርግ ግንበኛ ዛሬ በአገራችን ብርቅ ስለሆነ ይህን ሙያ ቢይዙ ፈላጊዎ ይበዛል። ለባለቤቱም በየዓመቱ ከክረምት በፊት ግድግዳውን ዞሮ አይቶ የተሰነጠቀውን በኖራ ውኃ መቀባት እንዳለበት ሥራውን ሲያስረክቡ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ የመተሐራ ነዋሪዎችን አስጨንቆናል። የገለባ ቤት መንቀጥቀጥን ይቋቋማል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ካሽሚር የደረሰው ከባድ መንቀጥቀጥ ብዙ የድንጋይና የብሎኬት ቤቶችን በነዋሪዎቻቸው ላይ ካፈረሰ በኋላ፣ ለዚያ አካባቢ የተነደፈ ሙሉ የገለባ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሬኖ በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ ተፈትኗል። በካሊፎርኒያ በኖርዝሪጅ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተመዘገበው እንቅስቃሴ በእጥፍ ያየለ ንቅናቄ ሲደርስበት ተሰነጣጠቀ እንጂ አልፈረሰም። ምሥጢሩ ግድግዳው ቀላልና ተለጣጭ መሆኑ፣ በሁለቱም ወገን ያለው መረብም ከመሠረቱና ከላይኛው አግዳሚ ጋር ታስሮ መላው ግድግዳ አንድ ላይ እንዲንቀሳቀስ መደረጉ ነው። መረቡ ሳይታሰር እስር መደርደር ብቻውን ይህን ጥቅም አይሰጥም።

ይሁን እንጂ ለመተሐራ ስመክር ሌላ ነገር ያግደኛል። በቆላው ምስጥ ይበረታል፤ ለምስጥ ደግሞ ገለባና እንጨት አንድ ናቸው። ገለባውንም ከደጋ በመኪና ማምጣት ያስፈልጋል። ለእርስዎ ከሁሉ የሚቀድመው አሁን ያለዎት ቤት በላይኛው ጠርዝ ዙሪያውን የታሰረ መሆኑን፣ ከባድ ድንጋይም ከጣሪያ በላይ አለመኖሩን በመሐንዲስ ማስፈተሽ ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ እንኖራለን። ከከተማ ወጣ ብሎ መሬት ገዝተን የገለባ ቤት ለመሥራት እንፈልጋለን። ሕጉ ይፈቅዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ደንብ ከ2015 እትሙ ጀምሮ ለገለባ ግንባታ የተለየ ተጨማሪ ክፍል አለው። ተጨማሪ ክፍሎች ግን በሥራ ላይ የሚውሉት የየአካባቢው አስተዳደር ሲያጸድቃቸው ስለሆነ፣ ንድፍ ከማሠራታችሁ በፊት መሬቱ ያለበትን ካውንቲ የግንባታ ቢሮ ጠይቁ። ካላጸደቀውም በመሐንዲስ ፊርማ የተደገፈ ንድፍ እንደ አማራጭ አሠራር እንዲታይላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ባንኩንና የመድን ድርጅቱንም በዚያው ወቅት በጽሑፍ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ በገለባ ቤት ላይ ብድር ወይም ዋስትና ለመስጠት ስለሚያመነቱ ከመሬት ቁፋሮ በኋላ ከማወቅ ይሻላል። የኮሎራዶ ደረቅ አየር ለገለባ ይስማማል፤ የምትጠነቀቁት በረዶ ነው። መሠረቱ አፈሩ ከሚቀዘቅዝበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት፣ ይህም በዴንቨር 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በግድግዳው ላይ ተከምሮ የሚቀልጠው በረዶም እስሩን እንዳያገኘው የመሠረቱን ከፍታ በዚያው ልክ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ በገለባ ግድግዳ ላይ ቁም ሣጥን ወይም መደርደሪያ መስቀል ይቻላል? የኤሌክትሪክ መስመርስ? (ከአሰላ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ከምርጊቱ በፊት መታሰብ አለበት። ከባድ ዕቃ በሚሰቀልበት ቦታ ሁሉ ጠንካራ ጣውላ በእስሮቹ መካከል ገብቶ ከቋሚው እንጨት ጋር ይታሰር። የመብራት ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በረድፎቹ መካከል ባለው ስፌት ይሂድ፣ የማብሪያና የሶኬት ሣጥኖቹም ወደ እስሩ በተተከለ ችካል ላይ ይመቱ። ከመመረጉ በፊት ቱቦዎቹና ጣውላዎቹ ያሉበትን ቦታ በሜትር ለክተው ፎቶ ያንሡት፤ በኋላ ሚስማር የሚመታ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው።